ምዕራፍ ስድስት፦ ነቀርሳ ከመሰደዱ በፊት የሚሰጠው ምልክት

ከጉሮሮ ተነሥቶ፣ በደረት ውስጥ ከአከርካሪው ፊት ከልብም ኋላ አልፎ ወደ ጨጓራ የሚወርደው የምግብ ቧንቧ፣ በዐዋቂ ሰው ርዝመቱ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ተግባሩም የተዋጠውን ማውረድ ብቻ የሆነ ትሑት ብልት ነው፤ ነገር ግን ነቀርሳ በውስጡ በበቀለ ጊዜ ከብዙዎቹ ብልቶች ይልቅ ወደ ሞት የሚያፋጥን ይሆናል፤ ምክንያቱም ከገዛ አፈጣጠሩ የሚመነጭ ነው። ይህ ብልት እንደ አንጀትና እንደ ጨጓራ ዙሪያውን የሚያለብሰው የውጭ ስስ ሽፋን በደረት ውስጥ ስለሌለው፣ ጡንቻውን በስቶ የወጣ ነቀርሳ ወዲያው ከአየር ቧንቧና ከታላቁ የደም ሥር አጠገብ ይደርሳል፤ ሊምፍ የሚባለውን ፈሳሽ የሚያመላልሱት ቀጫጭን ቧንቧዎችም ከውስጠኛው ልባስ ሥር ጀምረው ጥቅጥቅ ብለው የተዘረጉና ከላይ ወደ ታች ረዝመው የሚሄዱ ስለ ሆኑ፣ ገና በጥልቀቱ ጥቂት የሆነ ዕጢ እንኳ ሕዋሳቱን ወደ አንገትና ወደ ሆድ ንፍፊቶች ሊሰድ ይችላል። በዚህ ላይ ቧንቧው የሚለጠጥ በመሆኑ፣ በሽተኛው «ምግብ አልወርድ አለኝ» ብሎ ወደ ሐኪም የሚመጣው መተላለፊያው እጅግ ከጠበበ በኋላ ነው።

የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ለ2022 ባወጣው ግምት (በዚህ ምዕራፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)፣ በዚያ አንድ ዓመት በዓለም ላይ 511 ሺህ ያህል ሰዎች ይህ በሽታ አዲስ ሲገኝባቸው፣ 445 ሺህ ያህል ደግሞ ሞተውበታል። የታማሚውና የሟቹ ቍጥር እንዲህ መቀራረቡ የበሽታውን ጠባይ ከብዙ ቃል ይልቅ ይገልጣል። ስለዚህም ሐኪሙ ዕጢውን ባየ ጊዜ መጀመሪያ የሚያሳስበው የዕጢው መጠን ሳይሆን፣ ይህ ነቀርሳ ተሰድዷልን፣ ካልተሰደደስ ሊሰደድ ያስባልን የሚለው ጥያቄ ነው፤ ቀዶ ጥገናው፣ ጨረሩና መድኃኒቱ ሁሉ በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ የተመሠረተ ነውና።

ለዚህ ጥያቄ የሕክምና ሥርዓት እስከ ዛሬ የሚሰጠው መልስ በአብዛኛው የልክና የቍጥር መልስ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፒየር ዴኑዋ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያዘጋጀው፣ ቲ.ኤን.ኤም. ተብሎ የሚታወቀው የደረጃ አመዳደብ፣ ዕጢው ምን ያህል እንደ ጠለቀ፣ ስንት ንፍፊት እንደ ነካ፣ ወደ ሩቅ ብልትም ደርሶ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ በምግብ ቧንቧ ነቀርሳ አንድ ወይም ሁለት ንፍፊት የተነካበት፣ ከሦስት እስከ ስድስት የተነካበት፣ ሰባትና ከዚያ በላይ የተነካበት በሽተኛ በየራሳቸው መደብ ይቀመጣሉ። አመዳደቡ በእውነት የከበረ ነው፤ ሐኪሞች ከአገር አገር በአንድ ልሳን እንዲነጋገሩ አድርጓል። ዳሩ ግን በአንድ መደብ የተቀመጡ፣ ዕጢያቸው በጥልቀትም በስፋትም የማይለያይ ሁለት ሰዎች አንዱ ከቀዶ ጥገና በኋላ ዐሥር ዓመት ሲኖር፣ ሌላው ዓመት ሳይሞላው በጉበቱ ላይ ነቀርሳ ተበትኖበት መገኘቱ ዕለት ዕለት የሚታይ ነገር ነው። ቍጥሩ አንድ ሲሆን ፍጻሜው ሁለት የሆነበት ምክንያት በዕጢው መጠን ውስጥ ካልተገኘ፣ በዕጢው ባሕርይ ውስጥ ሊፈለግ የግድ ነው።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ስቲፈን ፓጄት በ1889 በጡት ነቀርሳ የሞቱ የ735 ሴቶችን የሬሳ ምርመራ መዝገብ አገላብጦ፣ ነቀርሳው በየብልቱ እንዲያው በዕድል እንደማይበተን፣ አንዳንዱን ብልት መርጦ ሌላውን እንደሚተው ባየ ጊዜ፣ የተበተነውን ሕዋስ በዘር፣ የሚያርፍበትን ብልት በመሬት መስሎ፣ ዘር በየአቅጣጫው ቢበተን የሚበቅለው በሚስማማው መሬት ላይ ብቻ መሆኑን ጽፏል። ፓጄት የዘሩን ጠባይ የሚመረምርበት መሣሪያ አልነበረውም። ያ መሣሪያ የመጣው ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ነው።

እያንዳንዱ ሕዋስ የሚሠራውን ሁሉ የሚሠራው በፕሮቲኖች ነው፤ ከጎረቤቱ ጋር የሚጣበቀው፣ የሚከፈለው፣ የሚንቀሳቀሰው፣ ለሰውነት ጠባቂ ሕዋሳት ራሱን የሚያሳውቀው ወይም የሚሰውረው በእነርሱ ነው። ስለዚህ በሕዋሱ ላይ የትኛው ፕሮቲን እንዳለ፣ የትኛውስ እንደ ጠፋ ማወቅ የሕዋሱን ግብር ማወቅ ነው። አሜሪካዊው አልበርት ኩንስ በ1941 ከአንድ የተወሰነ ነገር ጋር ብቻ በሚጣበቀው በፀረ እንግዳ አካል ላይ የሚያበራ ቀለም አያይዞ በአጕሊ መነጽር ሥር የሚፈልገውን ነገር ባለበት ስፍራ እንዲያበራ አደረገ፤ በ1975 ደግሞ ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልስታይን በካምብሪጅ አንድ ዐይነት ፀረ እንግዳ አካል ብቻ ያለ ማቋረጥ የሚያመርቱ ሕዋሳትን ለማብቀል ቻሉ፤ በዚህም በ1984 የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆኑ። ከዚያ ወዲህ በየሆስፒታሉ የሥነ ደዌ ክፍል በሽተኛው በኤንዶስኮፒ የተነሣለት ቁራጭ በፎርማሊን ይነከራል፣ በሰም ይጋገራል፣ ከፀጕር በቀጠነ ስስነት ይቈረጣል፣ የተመረጠው ፀረ እንግዳ አካል ይፈስበታል፤ ፕሮቲኑ ባለበት ቦታ ቡናማ ቀለም ይታያል፣ በሌለበት አይታይም። የሥነ ደዌ ሐኪሙም ስንት ሕዋስ እንደ ተቀባ፣ ቅቡም ምን ያህል እንደ ጠነከረ አይቶ ማዕርግ ይሰጣል። የዚህ ምዕራፍ ነገር ሁሉ የሚያርፈው በዚያ ቡናማ ቀለም ላይ ስለ ሆነ፣ አንባቢ ይህን አሠራር በልቡ ይዞ ይከተለን።

አሁን የምግብ ቧንቧውን ልባስ ትቶ የሚሄደውን አንድ ሕዋስ ጉዞ እንከተል።

ጤናማው ልባስ ሕዋሳቱ ተደራርበውና ተጣብቀው የሚኖሩበት ማኅበር ነው። መጣበቂያቸው በአብዛኛው ኢ-ካድሄሪን የሚባል ፕሮቲን ሲሆን፣ አንደኛው ጫፉ ከሕዋሱ ውጭ ወጥቶ የጎረቤቱን ኢ-ካድሄሪን ይይዛል፣ ሁለተኛው ጫፉ በውስጥ ከሕዋሱ አጥንት መሰል ክሮች ጋር ይያያዛል፤ ካልሲየም በሌለበት ግን መያያዙ ይፈታል። ይህን የፕሮቲን ቤተ ሰብ ጃፓናዊው ማሳቶሺ ታኬይቺ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ባደረገው ምርምር ገልጦታል። በ1991 ደግሞ የተለያዩ ተመራማሪዎች ኢ-ካድሄሪን ያጡ የነቀርሳ ሕዋሳት ወራሪ እንደሚሆኑ፣ ፕሮቲኑ በተመለሰላቸው ጊዜ ግን ወራሪነታቸው እንደሚገታ በቤተ ሙከራ አሳዩ። በምግብ ቧንቧ ነቀርሳም ኢ-ካድሄሪን የተመናመነባቸው ዕጢዎች ይልቁን ጠልቀው የሚገቡ፣ ንፍፊትም የሚነኩ መሆናቸው በብዙ ሆስፒታሎች ተደጋግሞ ታይቷል።

ነገሩን እጅግ የሚያስደንቅ የሚያደርገው፣ ነቀርሳው ይህን መለያየት ራሱ የፈለሰፈው አለመሆኑ ነው። ሰው በማሕፀን ሳለ፣ ብልቶቹ ገና ሲቀረጹ፣ የልባስ ሕዋሳት መጣበቂያቸውን ፈትተው፣ ቅርጻቸውን ለውጠው ወደ ተመደበላቸው ስፍራ ይጓዛሉ፤ ቍስል ሲድንም በጠርዙ ያሉት ሕዋሳት እንዲሁ ያደርጋሉ። አሜሪካዊቷ ኤልዛቤት ሄይ ይህን የሕዋስ መለወጥ በፅንስ ላይ መርምራ ገልጣለች። ለሕይወት አፈጣጠር የተሰጠው ይህ ሥርዓት በነቀርሳው ሕዋስ ውስጥ ያለ ጊዜው፣ ያለ ስፍራውም ይነቃል፤ ስኔይል የተባለው ፕሮቲን የኢ-ካድሄሪንን መሠራት ያፍናል፣ የልባስ ሕዋስ መለያ የነበሩት ይጠፋሉ፣ ቪሜንቲን የተባለውና ተንቀሳቃሽ ሕዋሳትን የሚለየው ይታያል። ነቀርሳን ከውጭ እንደ መጣ ጠላት አድርገን መቍጠር ለምደናል፤ ግን መሣሪያው ሁሉ ከገዛ ግምጃ ቤታችን የተወሰደ መሆኑን ሳንዘነጋ ብንመረምረው ብዙ ነገር ይገለጥልናል።

ከማኅበሩ የተለየው ሕዋስ ቀጥሎ የሚያገኘው መሠረታዊ ሽፋን የሚባለውን፣ ባብዛኛው ከአራተኛው ዐይነት ኮላጅን የተሠራውን ስስ ግድግዳ ነው። ጄሮም ግሮስና ሻርል ላፒየር በ1962 የእንቍራሪት ግልገል ወደ እንቍራሪትነት ሲለወጥ ጭራው እንዴት እንደሚጠፋ ሲመረምሩ፣ ኮላጅንን የሚቈርጥ ፕሮቲን ከጭራው አገኙ፤ ዛሬ ኤም.ኤም.ፒ. የምንላቸው ቈራጭ ፕሮቲኖች ታሪክ የተጀመረው በዚያ ነው። ላንስ ሊዮታና ባልደረቦቹ በ1980 የአራተኛውን ዐይነት ኮላጅን የመቍረጥ ኀይል ያላቸው የነቀርሳ ሕዋሳት በመሰደድም የበረቱ መሆናቸውን ባሳተሙ ጊዜ፣ ፓጄት ያላየው የዘሩ ጠባይ በከፊል ታየ። በምግብ ቧንቧ ነቀርሳ ኤም.ኤም.ፒ-2፣ ኤም.ኤም.ፒ-7 እና ኤም.ኤም.ፒ-9 ብዙ ጊዜ ተመርምረዋል፤ መብዛታቸውም ከጥልቀትና ከንፍፊት መነካት ጋር አብሮ የሚሄድ ሆኖ ተገኝቷል።

ግድግዳውን ያለፈ ሕዋስ መንገድ ያሻዋል። ጁዳ ፎልክማን በ1971 ዕጢ አዲስ የደም ሥር ካላበቀለ ሊያድግ አይችልም የሚለውን ሐሳብ ሲያቀርብ ብዙዎች አልተቀበሉትም ነበር፤ በ1989 ናፖሊዮን ፌራራ ቪኢጂኤፍ የተባለውን የደም ሥር አብቃይ ፕሮቲን ለይቶ ካወጣ በኋላ ግን ሐሳቡ ጸና። ለምግብ ቧንቧ ይልቁን የሚመለከተው ወንድሙ ቪኢጂኤፍ-ሲ ነው፤ እርሱ በተለይ የሊምፍ ቧንቧዎችን ያበዛልና። በ2001 በእንስሳት ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ይህን ፕሮቲን አብዝቶ የሚያመነጭ ዕጢ ወደ ንፍፊት መሰደዱን እንደሚያበዛ አረጋግጠዋል። ከመጀመሪያው በሊምፍ ቧንቧ የተሞላ ብልት ውስጥ የበቀለ ነቀርሳ በዚያ ላይ አዲስ ቧንቧ የሚያበቅል ከሆነ፣ የንፍፊቱ መነካት ለምን እንዲህ ፈጣን እንደሚሆን ለማስተዋል አያዳግትም።

የመከፈል ፍጥነትን የሚያሳዩትና በደም የሚለኩት ምልክቶች ባጭሩ ሊነገሩ ይበቃል። በ1983 በጀርመን በኪል ከተማ የተገኘው ኪ-67 በመከፈል ላይ ያለውን ሕዋስ ሁሉ ይቀባል፤ ሳይክሊን ዲ-1 ሕዋሱን ወደ መከፈል የሚገፋ ነው፤ በደም ውስጥ የሚለኩት የስኵዌመስ ሕዋስ አንቲጅንና ሳይፍራ 21-1 ደግሞ በበሽታው መግፋት ከፍ ይላሉ፤ ገና በጀመረው በሽታ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ስለሚሉ ለቅድመ ምርመራ አይበቁም።

ስለ ፒ53 ግን ጥቂት መቈየት ይገባል፤ የሚያስተምረን ነገር አለና። በ1979 የተገኘው ይህ ፕሮቲን የተጐዳ ሕዋስ እንዳይከፈል የሚያግድ ጠባቂ ነው፤ ጂኑ በተበላሸ ጊዜ የተጣመመው ፕሮቲን በሕዋሱ ውስጥ ተከማችቶ በቅቡ ይታያል። ከልባሱ ጠፍጣፋ ሕዋሳት በሚነሣው፣ ስኵዌመስ በሚባለው የምግብ ቧንቧ ነቀርሳ ጂኑ በአብዛኞቹ ዕጢዎች፣ ከ10 በ8ቱ በላይ፣ ተበላሽቶ ይገኛል። ለበሽታው መወለድ ከዚህ የበለጠ ምክንያት ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ሆኖም ሁሉ የያዘው ምልክት አንዱን በሽተኛ ከሌላው ሊለይ አይችልም። ለሕመሙ መነሻ ዋና የሆነ ነገር ለፍጻሜው ትንቢት ከንቱ ሊሆን መቻሉን ብዙ ጥናቶች ሳያስተውሉ አልፈዋል።

እነሆ፣ አሁን ወደ ነገሩ አስቸጋሪ ክፍል ደርሰናል። የዚህ በሽታ የፕሮቲን ምልክቶች የተጻፈባቸውን ጽሑፎች ያገላበጠ ሰው፣ እያንዳንዱ «ከንፍፊት መነካትና ከዕድሜ ማጠር ጋር ተያይዞ ተገኘ» የሚል ብያኔ ይዞ ሲያይ፣ ይህ ሁሉ ዕውቀት ለምን ወደ በሽተኛው አልጋ አልደረሰም ብሎ ይጠይቃል። መልሱን በምሳሌ እንመልከት፤ ቍጥሮቹ ለማስረዳት የተፈጠሩ እንጂ ከጥናት የተወሰዱ አይደሉም። አንድ መቶ በሽተኞች አሉ እንበል፤ 40ዎቹ ነቀርሳቸው ወደ ንፍፊት ተሰድዷል፣ 60ዎቹ አልተሰደደም። አንድ ፕሮቲን ከ40ዎቹ በ28ቱ፣ ከ60ዎቹ በ24ቱ ላይ በዝቶ ተገኘ። በስሌት ሕግ ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ጥናቱም ይታተማል። ነገር ግን ሐኪሙ ፊት የቀረበው በሽተኛ ፕሮቲኑ የበዛበት ከሆነ፣ እርሱን ከመሰሉት 52 ሰዎች መካከል የተሰደደባቸው 28፣ ያልተሰደደባቸው 24 ናቸው፤ ፕሮቲኑ ያልበዛበት ከሆነ ደግሞ ከ48ቱ 12ቱ ንፍፊታቸው ተነክቷል። ከአራት አንዱ ሊሳሳትበት በሚችል ምልክት ተማምኖ የቀዶ ጥገናን ስፋት የሚቀንስ ሐኪም የለም፤ ሊኖርም አይገባም።

በዚህ ላይ ቅቡ «ከፍተኛ» የሚባልበትን ወሰን አንዱ ጥናት በ10 በመቶ፣ ሌላው በ50 በመቶ ሲያደርግ፣ አንዳንዶቹም ውጤቱን አይተው ወሰኑን ሲመርጡ፣ የተለያዩ ፀረ እንግዳ አካሎች በአንድ ስም ሲጠሩ፣ የተሳካው ታትሞ ያልተሳካው በመሳቢያ ሲቀር፣ መስኩ በምልክት ተጥለቀለቀ፤ ማስረጃው ግን ሳሳ። በ2005 ተመራማሪዎች ሬማርክ የተባለውን መመሪያ ያወጡት፣ ማን ተመረመረ፣ በምን ተቀባ፣ ወሰኑ እንዴት ተቈረጠ፣ ስንቱ ሳይከታተሉት ቀረ የሚለው ሁሉ በግልጥ እንዲጻፍ ነው። እኔ ይህን መመሪያ ከብዙ ምልክቶች መገኘት ይልቅ የከበረ አደርገዋለሁ፤ ያልጠራ ምልክት በሽተኛን በሐሰት ያስደስታል ወይም በሐሰት ያስለቅሳልና።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይጠልቃል። ምልክት ሁለት ዐይነት ግብር አለው፤ አንዱ ተንባይ ነው፣ የበሽታውን አካሄድ አስቀድሞ ይናገራል፤ ሁለተኛው መሪ ነው፣ ይህ መድኃኒት ለዚህ ሰው ይበጃል ብሎ ያመለክታል። እነዚህ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ አንድ አለመሆናቸው የታወቀው ግን በብዙ በሽተኞች ዋጋ ነው። ስታንሊ ኮኸን በ1986 የኖቤል ሽልማት የተቀበለበት የልባስ አሳዳጊ ፕሮቲን በሕዋሱ ፊት ላይ ተቀባይ አለው፤ ኢጂኤፍአር ይባላል። በምግብ ቧንቧ ነቀርሳ ይህ ተቀባይ በብዛት ይገኛል፣ መብዛቱም ከክፉ ፍጻሜ ጋር ተያይዟል። እንግዲያው ተቀባዩን የሚዘጋ መድኃኒት በሽታውን ይገታል ብሎ ማሰብ ፍጹም ምክንያታዊ ነበር። በብሪታንያ 258 በሽተኞች የተካተቱበት ስኮፕ-1 የተባለ ሙከራ ሴቱክሲማብ የተባለውን መድኃኒት ከኬሞቴራፒና ከጨረር ጋር ጨምሮ በ2013 ውጤቱን ሲገልጥ፣ መድኃኒቱን የወሰዱት አማካይ ዕድሜ 22.1 ወር፣ ያልወሰዱት 25.4 ወር ሆኖ ተገኘ። በ2014 ደግሞ ጌፊቲኒብ የተባለው ሌላ መድኃኒት በ450 በሽተኞች ላይ ተሞክሮ ዕድሜ አልጨመረም፤ በኋላ ቁራጮቹ እንደ ገና ሲመረመሩ ግን የተቀባዩ ጂን ቅጂ የበዛባቸው ጥቂቶች ተጠቅመው ነበር። ከቡናማው ቀለም ይልቅ የጂኑ ቅጂ የተሻለ መሪ ሆነ ማለት ነው።

የተቀባዩ ዘመድ የሆነው ኸር-2 የተሻለ ዕድል ገጥሞታል፤ እርሱም በስኵዌመሱ ሳይሆን በአዴኖካርሲኖማው፣ ይኸውም ቧንቧው ከጨጓራ በሚገናኝበት አካባቢ በሚበቅለው ነቀርሳ ነው። በ24 አገሮች የተደረገውና በ2010 የታተመው ቶጋ የተባለ ሙከራ ከመረመራቸው ዕጢዎች ከአምስት አንዱ ያህል ኸር-2 የበዛበት ነበር፤ ለእነዚህ ኸር-2ን የሚዘጋው ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት ከኬሞቴራፒ ጋር ሲሰጥ አማካይ ዕድሜ ከ11.1 ወደ 13.8 ወር፣ ቅቡ በጠነከረባቸው ደግሞ ከ11.8 ወደ 16 ወር ከፍ አለ። ይህ ምልክት በእውነት መሪ ነው። ሆኖም ያው መድኃኒት ገና በቀዶ ጥገና ሊድኑ በሚችሉ በሽተኞች ላይ ከኬሞቴራፒና ከጨረር ጋር ተሞክሮ በ2022 ውጤቱ ሲወጣ ጥቅም አላሳየም፤ ምልክት መሪነቱን የሚያገኘው በበሽታው ደረጃም ጭምር ነውና። ኸር-2ን በአግባቡ ለማንበብ ደግሞ አንድ ቁራጭ አይበቃም፤ ፕሮቲኑ በዕጢው ውስጥ በየስፍራው ስለሚለያይ ቢያንስ አምስት ቁራጭ እንዲነሣ ይመከራል።

ለስኵዌመስ ነቀርሳ የመጣው መሪ ምልክት ፒዲ-ኤል 1 ነው። የታሱኩ ሆንጆ ቤተ ሙከራ በኪዮቶ በ1992 የጠባቂ ሕዋሳትን ልጓም ፒዲ-1ን አገኘ፤ ሆንጆም በ2018 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ነቀርሳው ፒዲ-ኤል 1ን በፊቱ ላይ አውጥቶ ያንን ልጓም ሲስብ ጠባቂው ሕዋስ ሊገድለው መጥቶ ይቆማል። 970 በሽተኞች በተካፈሉበት ቼክሜት 648 በተባለው ሙከራ ልጓሙን የሚፈታው ኒቮሉማብ የተባለ መድኃኒት ከኬሞቴራፒ ጋር ሲጨመር፣ ፒዲ-ኤል 1 ቢያንስ በ1 በመቶ የነቀርሳ ሕዋሳት ላይ በታየባቸው ሰዎች አማካይ ዕድሜ ከ9.1 ወደ 15.4 ወር ደረሰ። አስተውሉ፤ ፒዲ-ኤል 1 እንደ ተንባይ ምልክት በየጥናቱ እርስ በርሱ የሚጣላ ነው፣ አንዱ መብዛቱን ክፉ ሲለው ሌላው መልካም ይለዋል፤ እንደ መሪ ግን ሐኪም የሚጠቀምበት ሆኗል።

ከሁሉ ይልቅ ዝቅ ብሎ የሚሠራ አንድ ምልክት ደግሞ አለ፤ እኔ ለምግብ ቧንቧ ትልቁን ቦታ እሰጠዋለሁ። ዲ2-40 የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል የሚፈለገው ነቀርሳውን ለመቀባት አይደለም፤ የሊምፍ ቧንቧውን ግድግዳ እንጂ። ዕጢው ገና ስስ ሳለ ያለ ቀዶ ጥገና በኤንዶስኮፒ ተልጦ ሲወጣ፣ በተራ ቀለም የማይታየው የሊምፍ ቧንቧ በዲ2-40 ይገለጣል፤ በውስጡም የነቀርሳ ሕዋስ ካለ ይታያል። በጃፓን 176 በሽተኞች በተካተቱበትና በ2019 በታተመ ጥናት፣ እንዲህ ዕጢያቸው ተልጦ ከወጣላቸው መካከል ነቀርሳው ወደ ሥረኛው ሽፋን የጠለቀባቸው ወይም በሥርና በሊምፍ ቧንቧ ውስጥ የተገኘባቸው ሰዎች ኬሞቴራፒና ጨረር ተጨምሮላቸው፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ከ10 ሰዎች 9ኙ በሕይወት ነበሩ። የምግብ ቧንቧቸውም በቦታው ነበር።

ይህ ሁሉ ለአገራችን ምን ይሆናል? ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚወርደው ምሥራቃዊ የአፍሪካ ቀበቶ ስኵዌመስ የምግብ ቧንቧ ነቀርሳ የሚበዛበት ምድር ነው፤ በእኛም አገር አርሲና ባሌ በዚህ በሽታ ይታወቃሉ፤ እጅግ ትኵስ ገንፎና መጠጥ፣ ጫት፣ የኩሽና ጢስ በምክንያትነት ይመረመራሉ። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥን ነቀርሳ ሳያስነሣ አይቀርም በሚባለው መደብ አስገብቶታል። ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥባት በነበረች አገር፣ በሽተኛው ከአርሲ ገጠር ተነሥቶ ውኃ እንኳ መዋጥ ሲያቅተው በሚደርስበት ጊዜ፣ ለብዙዎች የቀረው ነገር ቧንቧውን በብረት ስቴንት ከፍቶ ማስዋጥ ነው፤ ለዚያ ሰው ኢ-ካድሄሪን ጠፋ አልጠፋ የሚለው ምርመራ የሚለውጠው ነገር የለም። ይህን መናገር ሳይንሱን ማቃለል አይደለም።

ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው፣ ምልክቱን እኛ አንፈልገውም ማለት ከሆነ እጅግ ተሳስተናል። ስለ ስኵዌመስ ነቀርሳ ፕሮቲኖች የምናውቀው በአብዛኛው ከቻይናና ከጃፓን በሽተኞች የተገኘ ነው፤ የአርሲው ገበሬ ዕጢ በቻይና ካለው ከሄናን ገበሬ ዕጢ ጋር በጠባዩ አንድ መሆኑን ማንም ሊምልልን አይችልም። ያንን ለማወቅ የሚያስፈልገው የውድ መድኃኒት ግዢ ሳይሆን፣ ቁራጩና የባለቤቱ ፍጻሜ አንድ ላይ ተጠብቀው መገኘታቸው ነው፤ ሰውዬው እስከ መቼ ኖረ፣ ነቀርሳው የት ተመለሰ የሚለው መዝገብ ከሌለ፣ በሰም የተጋገረው ቁራጭ ሺህ ጊዜ ቢቀባ የሚነግረን ነገር የለም። በ2011 የተቋቋመው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ በዚህ ረገድ የተጣለ መሠረት ነው፤ በአርሲና በባሌም እንደ እርሱ ያለ ሊቋቋም ይገባል። ቁራጩም ገና በኤንዶስኮፒው ክፍል ሳለ፣ ከሰውነት እንደ ወጣ ወዲያው በበቂ ፎርማሊን ካልገባ፣ ከ6 ሰዓት ካነሰ ወይም ከ72 ሰዓት ከበለጠ ጊዜ ከተነከረ፣ ፕሮቲኑ ይበላሻል ወይም ይሸሸጋል፤ የነበረው «የለም» ተብሎ ይጻፋል። በወረቀቱ ላይ የተነሣበትንና የተነከረበትን ሰዓት መጻፍ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዛሬ በየትኛውም የወረዳ ሆስፒታል ሊጀመር ይችላል።